ጠመንጃ የሌለው የተኩስ ጨዋታ፦ ስለ «ፋር ክራይ ፕራይማል» እና ስለ ባሌ የድንጋይ ዘመን ሰዎች

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የታወቀ የቪዲዮ ጨዋታ ስለ ጥንት ሰው ያቀረበውን ሥዕል በባሌ ተራራ ከተገኘው ማስረጃ ጋር አስተያይቶ መመርመር ነው። የልጆች መጫወቻ በምርምር መጽሔት ላይ ሊተች አይገባውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በሮቤም ሆነ በጎባ፥ ወይም ወደ ቆላው ወርደን በብድሬ፥ ከትምህርት በኋላ ጌም ቤት የሚውል ልጅ ስለ ድንጋይ ዘመን ሰው ቢጠየቅ፥ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ በመስኮቱ ላይ ያየውን ቢያስቀድም አያስደንቅም። እንግዲህ የሰውን ልጅ ጥንተ ታሪክ ለብዙ ሰው የሚያስተምረው ማን ነው ብሎ መጠየቅ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ይልቁንም የሰው ልጅ መገኛ ነን እያልን ለምንኮራ ለኛ ጥያቄው ከባድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የጨዋታው ነገር

«ፋር ክራይ» የሚባለው ተከታታይ ጨዋታ መጀመሪያ የወጣው በ2004 ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ክራይቴክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ሲሆን፥ ተከታዮቹን የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት በተለይ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ባለው ቅርንጫፉ ሲያሠራ ቆይቷል። የጨዋታው ሥርዓት በአጭሩ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ በማያውቀው አገር ብቻውን ይጣላል፤ በባለታሪኩ ዓይን እያየ፥ መሣሪያውን ከፊቱ ዘርግቶ፥ የጠላትን ሰፈር አንድ ባንድ እየያዘ አገሩን ያቀናል። በ2008 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ስሙ ባልተጠራ የአፍሪካ አገር በእርስ በርስ ጦርነት መካከል፥ በ2012 የወጣው ሦስተኛው በሐሩር ደሴቶች፥ በ2014 የወጣው አራተኛው ደግሞ ኪራት በተባለ በሂማላያ በታሰበ ልብ ወለድ አገር ይካሄዳል። በሁሉም ዘንድ ዋናው ዕቃ ጠመንጃ ነው።

በፌብሩዋሪ 2016 የወጣው «ፋር ክራይ ፕራይማል» ግን ከዚህ ልማድ የወጣ መሰለ። ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 10,000 ዓመት መልሶ፥ ኦሮስ በሚባል በመካከለኛው አውሮፓ በታሰበ ሸለቆ ታሪኩን ይጀምራል። ባለታሪኩ ታካር የዌንጃ ነገድ አዳኝ ነው። የተበተኑትን ወገኖቹን እየሰበሰበ መንደር ያቆማል፤ ሰው ከሚበሉት ከኡዳሞችና እሳት ከሚያመልኩት ከኢዚላዎች ጋርም ይዋጋል። ጠመንጃ በምድሪቱ ላይ የለም። መሣሪያው ደጋንና ፍላጻ፥ ጦር፥ ቆመጥና ወንጭፍ ነው፤ ከዚህም በቀር ተኩላንና አንበሳን የመሰለ አውሬ አልምዶ ማሰለፍ ይቻላል።

ምስጋና የሚገባው

ትችት ማለት ነቀፋ ብቻ ስላልሆነ አስቀድሞ ለሥራው የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የቋንቋው ጉዳይ ነው። ኩባንያው የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቃውንት የሆኑትን አንድሩ በርድንና ብሬና በርድን ጠርቶ፥ ከእንግሊዝኛ እስከ ሂንዲ ያሉት ቋንቋዎች ወጡበት ከሚባለው ከጥንታዊው የኢንዶ አውሮፓ ቋንቋ ተነሥተው ለሦስቱ ነገዶች ንግግር እንዲያበጁላቸው አድርጓል። ተዋንያኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገሩት በዚሁ ቋንቋ ነው፤ ተጫዋቹ ትርጉሙን ከሥር ያነባል። የድንጋይ ዘመንን ሰው ቃል እንደሌለው ጐርናና ማስጮኽ በሲኒማ የቆየ ልማድ ነበርና ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የዌንጃዎቹ ራእይ ተመልካች ስሙ ቴንሳይ መባሉም፥ በድምፅ የተገጣጠመ ብቻ ቢመስልም፥ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ፈገግታ ያመጣል።

ሁለተኛው የእሳት ነገር ነው። በጨዋታው ውስጥ ሌሊቱ ያስፈራል፤ አውሬው በጨለማ ይበዛል፤ በብርዱ አገር እሳት ያልያዘ ሰው ይሞታል። ተጫዋቹ ችቦውን ሲለኩስ፥ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን፥ እሳት ለሰው ልጅ ምን እንደ ነበረ ይገባዋል። ጨዋታው በዚህ መንገድ ገፍቶ ቢሄድ ኖሮ የዚህ ትችት ቃል ሌላ በሆነ ነበር።

የወጣውና የቀረው

ዳሩ ግን አይሄድበትም። ጠመንጃው የነበረበት ቦታ ባዶ ሳይቀር በየዓይነቱ በሌላ ነገር ተሞልቷል። በቀደሙት ክፍሎች ተጫዋቹ በካሜራ ወይም በመነጽር ከሩቅ ጠላቱን አይቶ ምልክት ያደርግበት ነበር፤ አሁን ጉጉት ይልካል፤ ጉጉቲቱም ሰፈሩን ከላይ ዞራ እያንዳንዱን ጠላት ታመለክትለታለች፤ ልምዱም ሲጨምር ከአየር ላይ ቦምብ ትጥልለታለች። ቦምብ ማለቴ አጠራሩን ለማጋነን አይደለም፤ በጨዋታው ውስጥ ንብ የታጨቀበት እንደ እጅ ቦምብ የሚወረወር ዕቃ በእውነት አለ። የጠላት ሰፈር አንድ ባንድ የመያዙም ሥርዓት እንዳለ ነው።

ምድሪቱም ብትሆን ከዚህ አልራቀችም። ጨዋታው እንደ ወጣ ተጫዋቾች የኦሮስን ካርታ በ2014ቱ የኪራት ካርታ ላይ ደርበው ሲያዩት የወንዙና የመንገዱ አወራረድ የሚገጥም ሆኖ አገኙት። አንድ ሠሪ ያለፈ ሥራውን መልሶ ቢጠቀም ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ነገሩ ራሱ ይናገራል፤ ለአውቶማቲክ መሣሪያ የተቀየሰ ሸለቆ ለደጋንም ሳያስቸግር በቃ፤ ምክንያቱም በሸለቆው ውስጥ የሚደረገው ሥራ ያው ነው።

የዕቃ አሠራሩም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ እንጨትና ድንጋይ እያለፈ ይለቅማል፤ ቁልፍ ሲጫን ፍላጻው ተሠርቶ በእጁ ይገኛል። በኛ አገር ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ ማድረግ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች የመፋቂያቸውን ድንጋይ በእጃቸው ሲጠርቡ ተመራማሪዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አጥንተዋቸዋል። ከነሱ የምንማረው ድንጋዩን መምረጥ፥ የሚመታበትን ማዕዘን ማወቅ፥ የደነዘዘውን መልሶ መሳል በረጅም ልምምድ የሚገኝ ጥበብ መሆኑን ነው። ይህ ጥበብ በጨዋታው ውስጥ ጥይት እንደ መሙላት ያህል ፈጣን ሆኗል።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ኡዳሞቹ የኒያንደርታልን ሰው እንዲመስሉ ተደርገው ተሥለዋል፤ የኒያንደርታል ሰው ግን ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል፥ ማለት ከታካር ዘመን ብዙ ሺህ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ይህ ለልብ ወለድ ሊፈቀድ ይችላል። የማይታለፈው ሌላ ነው፤ ይህ ተከታታይ ጨዋታ ወደ አፍሪካ በመጣ ጊዜ ጠመንጃና እርስ በርስ ጦርነት ይዞ መጣ፤ ጠመንጃውን ጥሎ የሰውን ልጅ ጥንት ሊፈልግ በተነሣ ጊዜ ግን ወደ አውሮፓ ሄደ። የሰው ዘር ታሪክ አብዛኛው ክፍል የተፈጸመባት አህጉር ለዛሬው ሁከት ብቻ ተመረጠች። ይህን የሠሪዎቹ ክፋት ነው አልልም፤ የልማድ ነገር ነው። ልማድ ግን ካልተመረመረ ከክፋት ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

በአጭሩ ጠመንጃው ከባለታሪኩ እጅ ወጣ እንጂ ከተጫዋቹ ዓይን አልወጣም። ጫካውን፥ አውሬውንና ሰውን የሚያይበት አስተያየት አሁንም የአነጣጣሪ አስተያየት ነው።

የፊንጫ ሀበራ ዋሻ

የድንጋይ ዘመን ኑሮ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የሚል ካለ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት አለ። በፓርኩ ውስጥ፥ በወይብ ሸለቆ፥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የአለት ጥላ ይገኛል፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ነው። በዚህ ስፍራ የቆፈሩት የብዙ አገር ተመራማሪዎች፥ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ጭምር፥ በኦገስት 2019 ውጤታቸውን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡ፤ የጽሑፉ መሪ የኮሎኙ የሥነ ጥንት ተመራማሪ ጎትዝ ኦሰንዶርፍ ነበሩ። ሰዎች በዚህ አለት ሥር ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ እየተመላለሱ ይኖሩበት እንደ ነበር አሳዩ። በዚያን ጊዜ ከበላዩ ያለው አምባ በከፊል በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። በዚህ ከፍታ የሰው መኖሪያ ሆኖ ከተገኘው ሁሉ ያን ያህል የቆየ ከዚያ በፊት አልታወቀም ነበር።

ሰዎቹ ምን ይበሉ ነበር? ከቁፋሮው የወጣው አጥንት አብዛኛው የትልቁ ፍልፈል ነው። ይህ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኝ እንስሳ ቢበዛ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዛሬ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ ነው። ከአጥንቱ ብዙው እሳት የነካው ስለ ሆነ ጠብሰው ይበሉት እንደ ነበር ተረድቷል። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር ባልጩት የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ፥ ከበረዶው ድንበር አጠገብ ወጥተው ነበር። ውኃውን የበረዶው መቅለጥ ይሰጣቸዋል። ደግሞም በዋሻው ውስጥ የጅብ ኩስ ተገኝቷል፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ጅቡ እየገባ ይኖርበት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ነገሩን ልብ እንዲል እለምናለሁ። በፕራይማል ታካር ማሞትን፥ ጸጉራሙን የጥንት ዝሆን፥ በጦር ይጥላል፤ ረጅም ክራንቻ ያለውን አውሬ ይጋልባል። የባሌው ሰው ግን በበረዶ ግርጌ ኖሮ ያለፈው ፍልፈል እየበላ ነው። ለብዙ ሰው ይህ የሚያሳፍር ይመስል ይሆናል። እስቲ ግን ሥራውን እናስበው። ፍልፈሉ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በታች ነው፤ ሣር ለመልቀም ለጥቂት ጊዜ ብቅ ይላል፥ ከጉድጓዱም እምብዛም አይርቅም፤ ጥቂት ኮሽታ ከሰማ ይገባል። ቀይ ቀበሮ እንኳ የሚይዘው አድብቶ፥ ቆሞ፥ ጠብቆ ነው። ይህን እንስሳ መመገቢያ ለማድረግ የትኛው ጉድጓድ ሕያው እንደ ሆነ፥ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፥ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያም አየሩ በሳሳበት፥ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ከፍታ ማገዶ ማግኘት፥ ልጅ ማሞቅ፥ ባልጩት ፍለጋ ሽቅብ መውጣትና ሳይመሽ መመለስ አለ። ጅቡ የገባበት መሆን አለመሆኑን ሳያረጋግጡ ወደ ዋሻው መግባትም አይቻልም።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ሊሆን አይችልምን? ይችላል፤ ልብን የሚሰቅለውም ከሰፈር መያዙ ያላነሰ ነው። በፕራይማል ውስጥ እሳት ያልያዘ ሰው የሚፈራበት ያ ጥቂት ጊዜ ለዚህ ማስረጃ ነው። ሠሪዎቹ መንገዱን አግኝተውት ነበር፤ የአነጣጣሪው ዓይን ግን መለሳቸው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን መጨመር የምርምር ሥርዓት ነው። አንደኛ፥ የጥንት ሰው መሣሪያ አያውቅም፥ ጠብም አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በገደሞታ የተገኙት የባልጩት ስለቶች ከ279,000 ዓመት በላይ የቆዩ ሲሆኑ፥ ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቻቸው በ2013 ባወጡት ጥናት ተወርዋሪ የጦር ጫፎች መሆናቸውን አስረድተዋል። ጦር የቆየ ነው፤ ክርክሬ ጦሩ የኑሮው ሁሉ ነገር አልነበረም የሚል ነው። ሁለተኛ፥ ፊንጫ ሀበራ በኦሮስ ከታሰበው ዘመን እጅግ የሚቀድም፥ በሌላ አህጉርም ያለ ነው፤ ስለዚህ ጨዋታውን በሐሰት ለመክሰስ አላመጣሁትም። ያመጣሁት የድንጋይ ዘመን ሰው ቀን በምን እንደሚያልቅ በማስረጃ ስለሚያሳየን ነው።

ማጠቃለያ

ጨዋታ ጨዋታ ነው፥ ትምህርት ቤት አይደለም፤ የሚለው ተቃውሞ በከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ ሠሪዎቹ ራሳቸው የቋንቋ ሊቃውንት መጥራታቸው ለእውነት ግድ እንደ ነበራቸው ያሳያል። አፉን ለማስተካከል ይህን ያህል ከደከሙ፥ እጁ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራ እንደ ነበር መጠየቅም ይገባቸው ነበር። ከፕራይማል በኋላ የወጡት አምስተኛውና ስድስተኛው ክፍሎች በ2018ና በ2021 ወደ ጠመንጃቸው ተመልሰዋል። ይህም ፕራይማል የመሣሪያ እንጂ የሐሳብ ለውጥ እንዳልነበረ ያጠናክርልናል።

ጥፋቱን በውጭ ኩባንያ ላይ ብቻ ጥለን ዝም ማለት ግን አይገባንም። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የፊንጫ ሀበራ ጥናትም ከታተመ ዓመታት ሆኖታል። ነገሩን ለሮቤና ለጎባ ልጆች በሚገባቸው ቋንቋ፥ በኦሮምኛም በአማርኛም፥ መንገር የኛ የተማሪዎችና የመምህራን ፋንታ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው፤ በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ጥቂት ተማሪዎች ወደ ወይብ ሸለቆ ወጥተው፥ ከፓርኩ ሰዎች ጋር ተነጋግረው፥ ያዩትን ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ቢያስረዱ ይበቃል። ኮምፒዩተር የሚያጠኑ ባልደረቦቻችንም ፍልፈል የሚጠበቅባትን፥ ባልጩት የሚፈለግባትን አንዲት ትንሽ ጨዋታ ለመሥራት ቢሞክሩ ድካሙ ከንቱ አይሆንም። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ካለ መልሱን በሚቀጥለው እትም ለማንበብ እንጠብቃለን።