በገዛ እጅ የተሠራ ሻወር እንዴት ይመዘናል?

በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ቅዳሜና እሁዱን በታይል መቁረጫ ማሽን ጩኸት ያሳለፈ አባወራ ሻወሩን ሲያስመርቅ እንግዶቹ የሚያደንቁት ቀለሙን ነው። «ሆቴል አስመሰልከው እኮ!» ይሉታል። ሥራ አዋቂው ግን ቀለሙን እንዳላየ አልፎ አንድ ባልዲ ውሃ ይጠይቃል።

ለክፋት አይደለም። ታይልና በመሀሉ የሚሞላው ግራውት እንደሚታሰበው ውሃ አያግዱም። ግራውት ከሲሚንቶ የተሠራ ስለሆነ ውሃ ቀስ እያለ ያሳልፋል። ውሃውን የሚያስቆመው ከታይሉ ጀርባ የተቀባው ወይም የተለጠፈው ሽፋን ነው፤ እሱን ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ ሻወር የሚመዝን ሰው ሙያው በሚታየው ምልክት የተሸፈነውን ማወቅ ነው።

አዲስ አበባ ሲሠራ አይቶ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት አለበት። እዚያ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት ነው። ውሃ ቢሰርግ ቀለም ይላጣል፣ ልስን ይረግፋል፤ ግድግዳው ግን አይወድቅም። የኮሎምበስ ቤት በአመዛኙ በቀጫጭን የእንጨት ቋሚዎች ላይ ጂፕሰም ቦርድ ተመትቶበት የቆመ ነው። እዚያ የገባ ውሃ እንጨት ያበሰብሳል፣ ሻጋታ ያፈላል፤ ሻወሩ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ቡናማ ካርታ ይስላል።

ባልዲው

ውሃው የሚፈስሰው ከመውረጃው በጣም በራቀው ጥግ ነው። ተቀባይነት ያለው ተዳፋት በእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት ሩብ ኢንች፣ ማለትም በመቶ 2 ገደማ ነው፤ መውረጃው 3 ጫማ ከራቀ ወለሉ ጥግ ላይ ሦስት ሩብ ኢንች ከፍ ብሎ መጀመር አለበት። ውሃው ሳያመነታ ወደ መውረጃው ከሄደና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠብታ ብቻ ከቀረ ወለሉ አልፏል። ኩሬ ከሠራ ወድቋል። ዳገቱ በወለሉ ብቻ አያበቃም፤ የሻወሩ ደፍ፣ መቀመጫው፣ በግድግዳው ውስጥ የተቆረጠው የሻምፖ መደርደሪያ፣ ሁሉም በትንሹ ወደ ውስጥ ማዘንበል አለባቸው። ብዙ ጀማሪ ወለሉን አሳምሮ መደርደሪያውን በውሃ ልክ ቀጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ ሳሙናው ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይዋኛል።

ከዚህ የሚከብደው የታችኛው ዳገት ነው። በቀድሞው አሠራር የፕላስቲክ ሽፋኑ ከወፍራም የሲሚንቶ ድልዳል በታች ይነጠፋል፤ በግራውቱ ሰርጎ የወረደው ውሃ በሽፋኑ ላይ ተንሸራትቶ በመውረጃው አንገት ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ሽፋኑ ሜዳ ላይ ከተነጠፈ ወይም ቀዳዳዎቹን ሲሚንቶ ከደፈናቸው ግን ከላይ የደረቀ የሚመስለው ወለል ከሥሩ ረግረግ ይሆናል። ምልክቱ ሻወሩ ለቀናት ሳይነካ ቆይቶም በመውረጃው ወይም በደፉ አጠገብ ጠቆር ብሎ የሚቀር ግራውትና የማይለቅ ሽታ ነው።

ኦሃዮ ሕጎቿን የቀረጸችባቸው ሞዴል የቧንቧና የመኖሪያ ቤት ኮዶች ይህን በፈተና ይይዙታል። ታይል ከመለጠፉ በፊት መውረጃው ተደፍኖ ውሃው ደፉ ዘንድ ቢያንስ 2 ኢንች ጥልቀት እስኪኖረው ይሞላል፤ ለ15 ደቂቃ መጉደል የለበትም። ጠንቃቃ ባለሙያ 24 ሰዓት ያቆየዋል። የሻወሩ ስፋትም ከ900 ስኩዌር ኢንች፣ ጎኑም ከ30 ኢንች እንዳያንስ ተደንግጓል። ቧንቧ ከቦታው የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት በ111 ኖርዝ ፍሮንት ስትሪት የሚገኘውን የከተማውን የሕንፃና ዞን አገልግሎት ቢሮ ስለ ፈቃድና ስለ ምርመራ መጠየቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ፎቶ አለህ?

በገዛ እጁ የሠራ ሰው አንድ የማያውቀው ሀብት አለው፦ በየደረጃው በስልኩ ያነሳቸው ፎቶዎች። «ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» ብሎ ሲጠይቅ አዋቂው «ታይሉ ሳይለጠፍ ያነሳኸውን አሳየኝ እስቲ» ይለዋል።

በፎቶው ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው ቦርዱ ነው። እርጥበት ይችላል የሚባለው አረንጓዴ ጂፕሰም ድሮ በብዙ ሻወር ውስጥ ተመትቷል፤ ሞዴሉ የመኖሪያ ቤት ኮድ እ.ኤ.አ. በ2006 እትሙ ከሻወር ታይል ጀርባ አስወጥቶታል። የሲሚንቶ ቦርድ ከሆነ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሲሚንቶ ቦርድ ራሱ አይበሰብስም እንጂ ውሃ ያሳልፋል። ስለዚህ በላዩ በብሩሽ የሚቀባው፣ ሲደርቅ ደማቅ ቀይ የሚሆነው ፈሳሽ ወይም ብርቱካናማው የሽፋን ጨርቅ መታየት አለበት። ዓይን የሚቆየው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፦ በቦርድና በቦርድ መካከል፣ በጥጎች፣ ቧንቧው በሚወጣበት ቀዳዳ፣ በመደርደሪያው ማዕዘኖች። በደፉ አናት ላይ የሚስማር ወይም የብሎን ራስ ከታየ ሽፋኑ ተበስቷል ማለት ነው፤ የመስታወት በር የሚገጥሙ ሰዎችም ይህንኑ ጥፋት ደፉን ከላይ በመብሳት ይደግሙታል።

ግድግዳው የቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። ከቦርዱ ጀርባ የፕላስቲክ ሸራ፣ ከፊቱ ደግሞ ውሃ ከልካይ ሽፋን ካለ፣ በሁለቱ መሀል የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል። አንዱ ይበቃል።

ፎቶ ከሌለስ? የውሃ መክፈቻው እጀታ ከጀርባው ክብ የብረት ሽፋን አለው። ብሎኖቹ ሲፈቱ በግድግዳው የተቆረጠው ጠርዝ ይገለጣል፤ ታይሉ፣ ማጣበቂያው፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማው ሽፋን፣ ቦርዱ በተርታ ይታያሉ። ከታይሉ ቀጥሎ ጂፕሰም ብቻ ከታየ ምርመራው እዚያው አልቋል።

ጣት ሲያንኳኳ

ኮሎምበስ በሴራሚክ ጉዳይ ባዕድ ከተማ አይደለችም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የሴራሚክ ምህንድስና ትምህርት በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ መሥራቹ ኤድዋርድ ኦርተን ጁኒየር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በእቶን ውስጥ የሚቀመጡ ትናንሽ ሾጣጣ ሸክላዎችን መሥራት ጀመረ፤ ሙቀቱ ሥራውን ሲጨርስ ሾጣጣው ጎንበስ ይላል፣ ጋጋሪውም እቃው እንደበሰለ ያውቃል። በስሙ የቆመው ድርጅት ዛሬም በሰሜን በኩል ባለችው በዌስተርቪል አለ።

የአተኳኮሱ ነገር ሻወር ውስጥ በቀጥታ ይገባል። በከፍተኛ ሙቀት በደንብ የበሰለ ታይል ቀዳዳው ይደፈናል፤ ፖርሰሊን ለመባል የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ በመቶ 0.5 መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ የአገር ቤት ልማድ ይሰናከላል። ሴራሚክ ውሃ ውስጥ ነክሮ በተራ ሲሚንቶ መለጠፍ ውሃ ለሚመጥ የግድግዳ ሴራሚክ ይሠራል፤ ፖርሰሊን ግን ስለማይመጥ ተራው ሲሚንቶ የሚነክስበት ቦታ ያጣል። ለዚህ ነው ፖሊመር የተቀላቀለበት፣ ቲንሴት የሚባለው የሲሚንቶ ማጣበቂያ የሚያስፈልገው። ሄንሪ ሮዝበርግ ላቴክስን ከሲሚንቶ አዋሕዶ ላቲክሪት የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን የዛሬው ማጣበቂያ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። በባልዲ ተበጥብጦ የሚሸጠው ነጭ ማስቲክ ለሻወር አይሆንም፤ ከትልልቅ ታይል ጀርባ ቶሎ አይደርቅም፣ ውሃ ሲያገኘውም መልሶ ይለሰልሳል።

አዋቂው ይህን የሚያረጋግጠው በጣቱ ነው። እያንዳንዱን ታይል መሀሉንና አራት ማዕዘኑን ያንኳኳል። ድፍን ድምፅ ከሥሩ ማጣበቂያ መኖሩን ይነግረዋል፤ ባዶ ድምፅ ክፍተት እንዳለ ያስጠረጥረዋል። የአሜሪካ የታይል ሥራ ደረጃ በደረቅ ቦታ የታይሉ ጀርባ 80 በመቶ፣ በሻወር ውስጥ ግን 95 በመቶ በማጣበቂያ እንዲሸፈን ይጠይቃል። መሀሉና ማዕዘኑ ላይ አምስት ጉብታ ሲሚንቶ አድርጎ መጫን ከዚህ ቁጥር በብዙ ያንሳል፤ በጉብታዎቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታም የውሃ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ልባም ሠሪ ማጣበቂያውን በባለጥርስ መለቅለቂያ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ ያበጥራል፣ የታይሉንም ጀርባ በስሱ ይቀባል፣ የመጀመሪያዎቹንም ሳይደርቁ አንስቶ ጀርባቸውን ያያል።

የዓይን ፍርድ

አሁን ቀለሙን ማየት ይፈቀዳል፤ መብራት ጠፍቶ የእጅ ባትሪ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከበራ በኋላ። ከጎኑ ወጣ ያለ ታይል ጥላ ይጥላል። መጋጠሚያው ከሩብ ኢንች ለጠበበ ሥራ የሚፈቀደው ልዩነት አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ኢንች፣ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ የታይሉ የራሱ ጉብጠት ይታሰብለታል። ረጃጅም ታይሎች ሲተኮሱ መሀላቸው ጎበጥ ስለሚል እንደ ጡብ ግማሽ በግማሽ ማደራረብ ጥላውን ያባብሰዋል። ደረጃው ጎናቸው ከ15 ኢንች በላይ ለሆኑት ከሲሶ ያልበለጠ መሸጋገር የሚመክረው ለዚህ ነው።

ከዚያ ቁርጦቹ ይታያሉ። በግራና በቀኝ ጥግ ያሉት ቁራጮች እኩል ከሆኑ ሠሪው ከመጀመሩ በፊት ለክቷል። በአንድ ጥግ ሙሉ ታይል፣ በሌላው የጣት ስፋት ያላት ስንጣሪ ካለች ከአንድ ጫፍ ተነስቶ የደረሰበት ደርሷል። የመደርደሪያው ጠርዞች ከግራውቱ መስመር ጋር ከገጠሙ ይህ የወራት ሐሳብ ያለበት ሥራ ነው።

ለወለሉ ባለ 2 ኢንች ትናንሽ ታይል ይመረጣል፤ ዳገቱን ተከትሎ ይታጠፋል፣ የበዛው ግራውትም እግር ይይዛል። ትልቅ ታይል የሚያምረው መውረጃው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ቀጭን ቦይ ሲሆንና ወለሉ ወደ አንድ ጎን ብቻ ሲያዘነብል ነው።

ጥጎች የመጨረሻው ፈተና ናቸው። ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት፣ ግድግዳም ከወለል በሚገጥምበት ቦታ መኖር ያለበት ሲልከን ነው፤ በኮሎምበስ እርጥብ የሙቀት ወራት የእንጨቱ ቋሚ ይነፋል፣ ማሞቂያው ቤቱን በሚያደርቅበት ብርድ ይኮማተራል፣ ግራውት ደግሞ አይለጠጥም። ጥጉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ እዚያ ግራውት ተሞልቷል።

ዓይኑን ማሠልጠን የሚፈልግ ሰው የቆዩ መታጠቢያ ቤቶችን ይይ። ከኮሎምበስ በምሥራቅ በአይ-70 የአንድ ሰዓት መንገድ ባላት በዜንስቪል አሜሪካን ኢንካውስቲክ ታይሊንግ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1935፣ ሞዛይክ ታይል ኩባንያ ደግሞ ከ1894 እስከ 1967 ታይል ሠርተዋል። እንደ ክሊንተንቪል ባሉ ሰፈሮች የ1920ዎቹ ቤቶች ውስጥ በወፍራም ሲሚንቶ ላይ የተነጠፉ ባለስድስት ጎን ትናንሽ ታይሎች ዛሬም ይገኛሉ፤ መስመራቸውን ተከትሎ ማየት ብቻውን ትምህርት ነው።

የሚታለፍና የማይታለፍ

የተዥጎረጎረ የግራውት ቀለም፣ አንዲት ከፍ ያለች ታይል፣ ያልተመጣጠነ ቁራጭ፣ እነዚህ ለጀማሪ ይታለፋሉ። ጥጉ ላይ የተሞላ ግራውት ተፍቆ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሲልከን ይተካል። ግድግዳ ላይ ባዶ ድምፅ ያላቸው አንድ ሁለት ታይሎች በክትትል ሊቆዩ ይችላሉ፤ ወለል ላይ ከሆኑ ግን ሰው ሲረግጣቸው መሰንጠቃቸው አይቀርም። ሽፋን የሌለው ግድግዳ፣ ሜዳ የሆነ ወለልና የተበሳ ደፍ አይታለፉም፤ በላያቸው ግራውት ማደስም ሆነ ማሸጊያ መቀባት ጥገና አይባልም።

የታችኛው ኮርኒስ ላይ እድፍ ከታየ ደግሞ መዶሻ ወደ ታይሉ መነሳት የለበትም። መጀመሪያ የሚቆረጠው ኮርኒሱ ነው፤ ጂፕሰሙ በርካሽ ይለጠፋል። ቀዳዳው ተከፍቶ መውረጃው ተደፍኖ ውሃ ሲሞላ ከታች የሚጠባበቅ ሰው ጠብታው ከወለሉ ሽፋን መምጣት አለመምጣቱን ያያል። ወለሉ ከያዘ ድፋኑ ተነስቶ ውሃ ሲለቀቅ የመውረጃው ቧንቧ ይፈተናል፤ ከዚያ የሻወሩ ራስ ተፈትቶ አፉ ሲታሸግና መክፈቻው ሲከፈት የግድግዳው ቧንቧ። ሦስቱ ፈተናዎች የትኛው ክፍል እንደሚፈርስ ይለያሉ፤ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛው አንድ የላላ መጋጠሚያ ሆኖ ታይሉ ሳይነካ ይቀራል።