ግሌዝ ለየትኛው ዕቃ? የቤተ እስራኤል ሸክላ በእስራኤል

ነታንያ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። በሙሴ ዘመቻ (እ.ኤ.አ. 1984–85) እና በሰሎሞን ዘመቻ (1991) ከመጡት ሴቶች መካከል ሸክላ መሥራትን ከእናቶቻቸው የተማሩ ነበሩ። የዛሬው ሸክላ ሠሪ ግን የኤሌክትሪክ ምድጃና በዱቄት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ግሌዝ በእጁ አለ። ስለዚህም ጎንደር አጠገብ ያለችው የቤተ እስራኤል መንደር፣ የወለቃ፣ ሸክላ ግሌዝ ያልደረሰበትና ያላለቀ ሥራ ነው የሚል አስተያየት በቀላሉ ይሰነዘራል። ይህ ጽሑፍ አስተያየቱን አይቀበልም። የወለቃ ሸክላ የራሱ የገጽ አጨራረስ ያለው ሙያ ነው፤ ግሌዝ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውንም መወሰን ያለበት የዕቃው አገልግሎት ነው።

ግሌዝ በሸክላ ላይ የሚቀልጥ ቀጭን መስታወት ነው። መስታወቱን የሚሠራው ሲሊካ ነው፤ አልሙና ቀልጦ እንዳይፈስ ይይዘዋል፤ ሦስተኛው፣ ማቅለጫው፣ ግሌዙ የሚቀልጥበትን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። ዕቃው መጀመሪያ ለብቻው ይተኮሳል፤ ከዚያ በውሃ በተበጠበጠው ግሌዝ ይነከራል ወይም በብሩሽ ይቀባል። በርካታ ቀዳዳዎች ያሉት ሸክላ ውሃውን ሲመጥ ዱቄቱ ገጹ ላይ ይቀራል። ግሌዙ ከምድጃው መደርደሪያ ጋር እንዳይጣበቅ የዕቃው መቀመጫ ሳይቀባ ይተዋል። ዝቅተኛ የሚባለው ግሌዝ እንኳ በተለምዶ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚነደው እሳት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ክልል ይቆያል። በዚህ እሳት ሊቀልጥ የሚችለው በዋነኛነት የእርሳስ ግሌዝ ነው፤ እርሳስ ደግሞ ኮምጣጣ ምግብ ሲነካው እየሟሟ ወደ ምግቡ ይገባል። እንጀራን፣ ጠላንና ጠጅን በሚያውቅ ማዕድ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በወለቃ ግሌዝን የሚተካ ሌላ የሥራ ቅደም ተከተል አለ። ዕቃው በእጅ ከተገነባ በኋላ ገና ሳይደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ የጭቃው ቅንጣቶች ይተኛሉ፣ ገጹም ያብረቀርቃል። ሲተኮስም የእሳቱ ጢስ ያጠቁረዋል። ሥራው በቤት ውስጥም ይቀጥላል፤ አዲስ ምጣድ ሲሟሽ በጋለ ገጹ ላይ የተፈጨ ጎመን ዘር ይታሻል፣ ዘይቱም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የዕቃው አካል ግን ውስጡ ክፍት ነው። ይህ ክፍትነት እሳት ላይ ለሚጣድ ዕቃ ጥቅም አለው፤ ድስቱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ስንጥቅ በቀዳዳዎቹ ላይ ይቆማል። ግሌዝ ከሸክላው በበለጠ ሲኮማተር በራሱ ይሰነጣጠቃል፤ በተደጋጋሚ እሳት ላይ ሲወጣና ሲወርድም ችግሩ ይብሳል። ከዚህም በላይ ግሌዝ የሚፈልገው ሙቀት በድንጋይ የተገኘውን ማብረቅረቅ ያጠፋል። ስለዚህ ግሌዝ በነበረው ገጽ ላይ የሚደረብ ጌጥ አይደለም፤ አንዱን ገጽ በሌላ መተካት ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የንጽሕና ነው፤ ክፍት ሸክላ ምግብና ሽታ ወደ ውስጡ ይስባል፣ ለማጠብም ያስቸግራል። ክርክሩ ጥንታዊ ነው፤ ዘሌዋውያን 11፥33 የረከሰ የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር ያዛል፣ ቤተ እስራኤልም ይህን ከኦሪት ያውቁታል። ነገር ግን ግሌዝ በሃይማኖቱም በኩል ጉዳዩን አይዘጋውም፤ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሆነው ሹልሐን ዓሩኽ በፋሲካ ሕጉ ግሌዝ የተቀባውን ዕቃ እንደ ሸክላ ይቆጥረዋል። በጤና በኩል ግን ተቃውሞው ለሳህን፣ ለስኒና ለወጥ ማቅረቢያ ልክ ነው፤ እነዚህ እሳት አይነኩም፣ እርሳስ የሌለበት ግሌዝም ይገባቸዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ ግሌዝ የነካው ሥራ የቤተ እስራኤል ሥራ አይደለም ይላል። የወለቃ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ለቱሪስት የተሠሩት የይሁዳ አንበሳና የዳዊት ኮከብ ያለባቸው ምስሎች ራሳቸው ገበያ የወለዳቸው አዲስ ሥራዎች ነበሩ። በአሜሪካ የሳን ኢልደፎንሶዋ ሸክላ ሠሪ ማሪያ ማርቲኔዝም በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጥቁር የታሸ ሸክላዋን ግሌዝ ሳትቀባ ለዓለም ሰብሳቢዎች አቅርባለች፤ እርስዋም ያደረገችው ለውጥ በእሳቱና በንድፉ ላይ ነበር። ፈጠራ ግሌዝን አይጠይቅም፤ ግሌዝም ፈጠራን አይከለክልም።

ስለዚህ በነታንያም ሆነ በሌላ ከተማ ይህን ሙያ የሚያስተምር ሰው ሁለቱን አጨራረሶች እኩል ማስተማር አለበት። ምጣድ፣ ድስትና ጀበና ታሽተው፣ በጢስ ጠቁረውና ተሟሽተው ይቅሩ፤ የማዕድ ሳህን በሚመጥነው ሙቀት ግሌዝ ይቀባ። ግሌዝን የእድገት መለኪያ አድርጎ የሚያስተምር ትምህርት ተማሪውን አንድ ሙያ ሲያስጨብጠው ሌላውን ያስረሳዋል።