በጎቹን መቼ ነው የሚያርዳቸው?

አንድ ቴሌቪዥንና አራት ዓይነት ተመልካች ባለበት ቤት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰላም የለም። አባት ኳስ ይፈልጋል፤ እናት በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ትፈልጋለች፤ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ካርቱን። አያት ደግሞ ምንም አይፈልጉም። ጥግ ይዘው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ መስኮቱ ላይ የሚታየው ቢለዋወጥም ባይለዋወጥም ለእሳቸው ያው ነው። በመጨረሻ የሚያሸንፈው ሪሞቱን ቀድሞ የያዘ ነው። ሌላው ወይ ያኮርፋል፣ ወይ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል።

ሰሞኑን እዚሁ ጉለሌ፣ ቀጨኔ፣ አንድ ወዳጄ ቤት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ለቡና ተጠርቼ ብገባ ቤተሰቡ እንዳለ ይስቃል፤ አያትየው ጭምር! ልብ በሉልኝ፣ ልጆቹ ስቀው አያትየው “ምን አለ? ምን አለ?” እያሉ አይደለም። እኩል ነው የሚስቁት። የሚያዩት በፍላሽ የመጣ “ሾን ዘ ሺፕ” የሚባል ፊልም ነበር። ሾን በግ ነው።

ፊልሙ አዲስ አይደለም። በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ የሚገኘው አርድማን ስቱዲዮ የሠራው ሲሆን ለሲኒማ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ድርሰቱም ዝግጅቱም የማርክ በርተንና የሪቻርድ ስታርዛክ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። በየቀኑ ያው ሥራ፣ ያው መኖ፣ ያው በረት ያሰለቻቸው በጎች ለአንድ ቀን ሊያርፉ ይዶልታሉ። ፈረንጅ እንቅልፍ እምቢ ሲለው አጥር የሚዘሉ በጎችን በሐሳቡ ይቆጥራል ይባላል። እነሾንም በገበሬው ፊት ተራ በተራ አጥር ይዘሉና እየቆጠረ ያንቀላፋል። የተኛበት ተጎታች ቤት ግን ይንሸራተትና ሰውዬውን ይዞት ከተማ ይገባል። እዚያም ራሱን ተመትቶ ማንነቱን ይረሳል። በጎቹ የሰው ልብስ ደራርበው ፍለጋ ይወጣሉ።

በሰማንያ አምስት ደቂቃ ውስጥ አንድም የሚነገር ቃል የለም። ገበሬው እንኳ ያጉረመርማል እንጂ ወግ ያለው ቃል ከአፉ አይወጣም። የዚህ ፊልም ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለኛል። “ለመላው ቤተሰብ” የሚባሉት አብዛኞቹ ፊልሞች በእርግጥ ሁለት ፊልሞች ናቸው፤ ለልጆች መውደቅና መነሣት፣ ለወላጆች ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚወረወር አሽሙር። በእኛ ቤት አሽሙሩ ለማንም አይደርስም። ልጁ አስተርጓሚ ይሆንና ሁለት ጊዜ ካስተረጎመ በኋላ ይሰለቸዋል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማናገር ሲጀምር ያን ያህል ተመልካች የጎረፈለት አለነገር አልነበረም። ሾን ግን አስተርጓሚም አያስፈልገው። “ቶምና ጄሪ”ን፣ “ሚስተር ቢን”ን የወደድነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጎቹ ምግብ ቤት ገብተው፣ እንዴት እንደሚበላ ስለማያውቁ አጠገባቸው ያለውን ሰውዬ እያዩ ያደረገውን ሁሉ ሲያደርጉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹካና ቢላ የቀረበለት ሁሉ ራሱን ያያል። ወዳጄም ሳቁን መግታት አቅቶት ሲኒውን አስቀመጠ።

ሁለተኛው ነገር እጅ ነው። ይህ ፊልም በኮምፒውተር የተሣለ አይደለም፤ ስቶፕ ሞሽን በሚባለው ዘዴ የተሠራ ነው። በጎቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቆሙ አሻንጉሊቶች ናቸው። ውስጣቸው የብረት አጽም አለ፤ ባለሙያው እግራቸውን ቅንጣት ታህል ያንቀሳቅስና ፎቶ ያነሳል፤ ደግሞ ያንቀሳቅሳል፣ ደግሞ ያነሳል። አንድ ሰከንድ ፊልም ሃያ አራት ፎቶ ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚጨርሰው ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ፊልሙን አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ከ2,500 በላይ የሥራ ቀን ይፈጅበት ነበር ማለት ነው። ለዚህም ነው ብዙ ባለሙያ በየጠረጴዛው ተከፋፍሎ የሚሠራው። በዚሁ ስቱዲዮ ቀደም ባሉት ሥራዎች፣ በተለይ በእነ“ዋላስና ግሮሚት”፣ የሠሪው የጣት አሻራ ጭቃ መሰሉ አካል ላይ ቀርቶ ይታያል። አያጠፉትም። የሚያምረውም እሱ ነው።

የፊልሙ ምርጥ ሐሳብም የእጅ ነገር ነው። ገበሬው ስሙንና ቤቱን ረስቶ ሲንከራተት አንድ ጸጉር ቤት ይገባል። መላጫ ማሽን እጁ ሲገባ፣ በግ እንደሚሸልት አድርጎ የአንዱን ዝነኛ ጸጉር ይሸልተዋል። ከተማው በአንድ ቀን አበደለት! አእምሮው የረሳውን እጁ አልረሳም።

እንከን የለውም አልልም። እንስሳት እያሳደደ የሚይዘው ክፉ ሰውዬ ክፋቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ መጨረሻው ላይ ያለው ሩጫም በሌሎች ፊልሞች ደጋግመን ያየነው ዓይነት ነው። ትልቁን ጥያቄ የጠየቁት ግን አያትየው ናቸው። ገበሬው በጎቹን ሲያቅፍ አይተው፣ “ይሄ ሰውዬ በጎቹን መቼ ነው የሚያርዳቸው?” አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትንሹ ልጅ ብቻ አልሳቀም። ለፋሲካ ግቢው ውስጥ ታስሮ የነበረውን በግ ሣር ያበላው እሱ ነበር፤ መጨረሻውንም ያውቃል። ፊልሙ ይህን ጥያቄ ብልጥ ሆኖ ዘሎታል፤ እዚያ በግ የሚፈለገው ለጸጉሩ ብቻ ይመስላል። እኛ ቤት ግን በጉን የሚወደው ልጅም ወጡን የሚበላው ልጅም አንድ ነው።

የእኛስ ሥራ? ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ጀምሮ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ተረት ሲያወሩ አዋቂውም ልጁም አብሮ ያይ ነበር፤ ጣቢያው አንድ መሆኑም ረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ቀድሞ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ “ፀሐይ መማር ትወዳለች”ን ከባለቤቷ ጋር ጀመረች። ቀጭኔዋ አሻንጉሊት በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አግኝታለች። ይህ የሚያኮራ ነው። ግን አንድ ነገር ልበል፤ ለልጅ የምንሠራው ሁሉ ትምህርት ነው። እጅህን ታጠብ፣ ፊደል ቁጠር፣ ታላቅህን አክብር። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትምህርቱ ሲጀመር አባት ተነሥቶ ይወጣል። አብሮ መሳቅ ራሱ ለአንድ ቤት ትልቅ ነገር መሆኑን የተረዳንና ለዚያ ብለን የሠራን አይመስለኝም።

አያትየው ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ የቀጨኔ ሰው ናቸው። ፊልሙ አልቆ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ እንዴት እንደሚሠራ ነገርኳቸው።

“ቀን ሙሉ ለሁለት ሰከንድ?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ታዲያ ምን ይበላሉ?”

ፊልሙ 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ከ100 ሚሊዮን በላይ ማስገባቱን ነገርኳቸው። “እንዲያማ ከሆነ ምን ቸገራቸው” አሉ። እኔ ግን ጥያቄያቸው እስከ አሁን አልለቀቀኝም። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው! አዋጁ ከወጣ በኋላም እዚሁ ጉለሌ ሸክላ ሠሪ ሲባል ድምፅ ዝቅ ይደረግ ነበር፤ ቡዳ ናቸው እየተባለ ጋብቻ ይፈርስ ነበር። ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። በጀበናቸው ቡና እንጠጣለን፣ በድስታቸው ወጥ እንሠራለን፣ ዋጋ ሲጠሩ ግን “ለጭቃ?” እንላለን። የብሪስቶሉን ጣት አሻራ በአድናቆት የምናይ ሰዎች የቀጨኔውን ለማየት አንገታችንን ዝቅ አናደርግም። አሻንጉሊት ለማቆም የሚያስፈልገው ትዕግሥትና የእጅ ዕውቀት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው እነሱ ዘንድ ነው።

ልወጣ ስነሣ ትንሹ ልጅ አያቱ ጉልበት ላይ ተንጠልጥሎ፣ “እማማ፣ አንቺ በግ መሥራት ትችያለሽ?” አላቸው።

“ምን ያቅተኛል?” አሉ። “ግን ማን ይገዛኛል?”