የፒንዝጋወር ሆድ

ከጦር ሠራዊት የወጣ መኪና ለቤተሰቡ ለመግዛት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን፣ ቁመቱንና የጎማውን ጥርስ ነው። ሻጩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ፒንዝጋወር የተባለችውን የኦስትሪያ የጦር መኪና ለማየት የሚሄድ ሰው ግን ካርቶን ይዞ ይሂድ፤ መሬት ላይ አንጥፎ ከሥሯ ይግባና በጀርባው ይተኛ። የዚች መኪና ጥበብ ያለው ሆዷ ላይ ነው።

የሌላ መስክ መኪና ሥር ምን እንደሚመስል ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ረጃጅም የሻንሲ ብረቶች፣ በመካከላቸው ተንጠልጥሎ የሚሽከረከር ዘንግ፣ ከጎማ እስከ ጎማ የተጋደመ አክስል፣ አክስሉ መሐል ላይ ደግሞ ያበጠው ዲፈረንሻል። ድንጋይ ፈልጎ የሚያገኘው ያንን እብጠት ነው። ፒንዝጋወር ሥር የሚታየው ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው። ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ዘንግ የሚሽከረከረው በዚህ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ጭቃ አይነካውም፣ ሣር አይጠመጠምበትም፣ ድንጋይ አያገኘውም። ዲፈረንሻሎቹም ከቱቦው ጋር ታስረው ከፍ ብለው ተሰብስበዋል። ሻንሲ የሚባል ሌላ ነገር የለም፤ ቱቦው ራሱ ሻንሲ ነው። እጅዎን ከፊት ወደ ኋላ ቢያሳልፉ የሚይዘው፣ የሚቧጥጠው ነገር ብዙም አያገኝም። ማንም የማያየውን የመኪና ክፍል እንዲህ አድርጎ ያጠራ ሠራተኛ የሚታየውን ክፍል አበላሽቶ ይሆናል ብዬ አልጠረጥርም።

ይህ አሠራር በአንድ ቤት ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ሙያ ነው። ሐንስ ሌድቪንካ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1923 ለቼኮዝሎቫኪያው የታትራ ፋብሪካ ቱቦን የጀርባ አጥንት ያደረገ፣ ግማሽ አክስሎቹ ለየብቻ የሚወዛወዙ፣ ሞተሩ በነፋስ የሚቀዘቅዝ መኪና ሠራ። ልጁ ኤሪክ ሌድቪንካ ደግሞ በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ በሽታየር ዳይምለር ፑክ ፋብሪካ ተቀጥሮ ያንኑ ሐሳብ ወደ ተራራ ወሰደው። መጀመሪያ በ1959 ሀፍሊንገር የምትባለውን ትንሽዬ መኪና አወጣ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሯ 643 ሲሲ ብቻ ነበር፤ ሆኖም የአልፕስን ቁልቁለትና ዳገት ትወጣ ትወርድ ነበር። ቀጥሎ የመጣችው ታላቋ ፒንዝጋወር ናት። ማምረቻው በ1971 ሲጀምር ሁለት ዓይነት ነበረች፤ ባለ አራት ጎማዋ 710፣ ባለ ስድስት ጎማዋ 712። የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 1985 ድረስ ተሠራ። የዛሬው ውድ መርሴዲስ ጂ ክላስም ከ1979 ጀምሮ የሚገጣጠመው በዚያችው በግራትስ ነው። ባለጠጎች ቀለሙን እየመረጡ የሚያዙት መኪና ጎረቤቱ ማን እንደነበረ ቢያውቁ ጥሩ ነበር።

አሁንም ከካርቶኑ ላይ አይነሱ። አንገትዎን ወደ ጎማው ያዙሩ። አክስሉ ወደ ጎማው የሚገባው በመሐሉ አይደለም፤ ከመሐሉ ከፍ ብሎ ነው። ጎማው አጠገብ ባለው ቤት ውስጥ ሁለት ጥርሳም ማርሾች ተደርበዋል፤ የላይኛው ከአክስሉ ይቀበላል፣ የታችኛው ጎማውን ያዞራል። ጎማው ሳይተልቅ የመኪናው ሆድ ከፍ የሚለው በዚህ ነው፤ ከመሬት 335 ሚሊ ሜትር። ሌላም ትርፍ አለው። የመጨረሻው የኃይል ማብዛት የሚሠራው እዚያው ጎማው ደጃፍ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ዘንጎችና ዲፈረንሻሎች የሚሸከሙት ጭንቅ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሳይወፍሩ ይበቃሉ። አንድ ነገር ሁለት ሥራ ሲሠራ ማየት ሙያ ለሚወድ ሰው ደስታ ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን አሠራር ሳያውቀው አይቀርም። በደርግ ዘመን መኮንኖችን ስታመላልስ የኖረችው ዋዝ፣ ማለት የወታደሩ ዋዝ 469፣ እንዲሁ ጎማዋ ላይ ማርሽ ነበራት፤ ከመሬት ከፍታዋም 300 ሚሊ ሜትር ነበር። ሐሳቡ አንድ ቢሆንም አሠራሩ ይለያያል። ዋዝ ያንን ማርሽ የገጠመችው በወጉ የተጋደመ አክስል ጫፍ ላይ ነው፤ አክስሉ ከባሌስትራ ጋር ታስሮ፣ ዘንጎቹም ከሥር በግላጭ ይዞራሉ። ግራትሶች የጎማውን ማርሽ፣ ቱቦውንና የሚወዛወዘውን አክስል አንድ ላይ አዋሃዱት። ዋዝን ማንም የመንደር ሜካኒክ ይጠግናታል፤ ፒንዝጋወር ግን መጽሐፏን ያነበበ ሰው ትፈልጋለች። ይህ ልዩነት በገንዘብም ይታያል።

ስትነዳ ምን እንደሚሆን ለማየት አንድ ሰው በዝግታ ይንዳት፣ እርስዎ ከጎን ቆመው ይመልከቱ። አንዱ ጎማ ቋጥኝ ላይ ሲወጣ ግማሽ አክስሉ ብቻ ሽቅብ ይታጠፋል፤ ሌላኛው ጎማ ጉዳዩም አይደለም። ባለ አራት ጎማዋ በአራቱም ማዕዘን በጥምዝ ሞላ ላይ ነው የተቀመጠችው። እንደ በቅሎ እግሯን አንድ በአንድ እየመረጠች ታስቀምጣለች። ይኸው አሠራር ግን አስፋልት ላይ ጣጣ አለው። የሚወዛወዝ አክስል ሞላው ሲዘረጋ ጎማውን ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል፤ መኪናዋ ደግሞ ረጅምና ጠባብ ናት። ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ ድንገት ፍሬን የሚረግጥ ሰው ይህችን መኪና አይንዳ። ፋብሪካው ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት ትሄዳለች ይል ነበር፤ እኔ ልጆች ከተሳፈሩባት ከ80 ብዙ እንዳትዘል እመክራለሁ።

በጣም የምወደው ክፍል ጋቢናው ውስጥ ነው። ከሾፌሩ እጅ ሳይርቁ ትናንሽ ማንሻዎች አሉ፤ አንዱ አራቱንም ጎማ ያስነሳል፣ ሌሎቹ የኋላና የፊት ዲፈረንሻሎችን ይቆልፋሉ። ማንሻዎቹ ሥራውን የሚያዙት በዘይት ግፊት ነው። መኪናው መቆም የለበትም፤ ፍሪሲዮን ይዞ መታገልም የለም። ጭቃው ሲመጣ ያነሳሉ፣ ሲያልፍ ይመልሳሉ። የዘመኑ አብዛኞቹ የመስክ መኪኖች ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ባሉበት ይቀራሉ፤ ይህች ግን የፊትና የኋላውን ከቆለፈች አንድ ጎማ ብቻ መሬት ቢይዝላት እንኳ መሄዷን ትሞክራለች። የፊቱን ቆልፎ መሪ ማዞር ክንድ ይፈትናል፤ ስለዚህ የፊቱ በመጨረሻ የሚነሳ፣ መጀመሪያ የሚመለስ ይሁን።

ሞተሩ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ኮፋኖ ፍለጋ አይድከም፤ በሾፌሩና በጎኑ በተቀመጠው ሰው መካከል፣ በሽፋን ሥር ነው። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ለዚህች መኪና ብቻ ተብሎ የተሠራ የቤንዚን ሞተር። ራዲያተር ስለሌለው የሚያፈስም የሚፈላም ውኃ የለም። ሁለት የዘይት ፓምፕ አለው፤ መኪናዋ ዳገት ላይ ብትንጋለል ወይም በጎን ብታዘነብል አንዱ ዘይቱን እየሰበሰበ ሌላው ሞተሩን ያጠጣል። 45 ዲግሪ ዳገት ላይ ሞተር በዘይት ጥማት ቢደርቅ ኖሮ ያ ሁሉ አክስልና ማርሽ ምን ይጠቅም ነበር? የዚህ ሁሉ ዋጋ ጩኸትና ሙቀት ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ መቀመጥ ማለት ጨዋታ በጩኸት ማለት ነው፤ በበጋ ደግሞ የሾፌሩ ቀኝ ጭን ይሞቃል። ቤንዚንም አትምርም።

እንግዲህ ቤተሰብ። የጦር መኪና ለቤተሰብ ስንል ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጉልበቷ ላይ ሳይሆን በመቀመጫዋ ነው። ኤም የተባለችው ሸራ ለባሽ 710 አሥር ሰው ትጭናለች፤ ግን ከኋላ ያሉት ወታደሮች ፊት ለፊት እየተያዩ በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ለልጅ ይህ አይሆንም። ልጅ ወደ ፊት የሚያይ መቀመጫ፣ ከወለሉ ብረት ጋር በትክክል የታሰረ ቀበቶ ያስፈልገዋል፤ የሕፃን ወንበርም በአግዳሚ ላይ አይታሰርም። ይህን ሥራ ሙያ ላለው ሰው ካላሠሩ መኪናዋን አይግዙ። ኬ የተባለችው ጣራዋ ብረት የሆነው ዓይነት ለቤተሰብ ትሻላለች፤ ብርድም ዝናብም አታስገባም፣ ጩኸቷም ትንሽ ይቀንሳል። ባለ ስድስት ጎማዋን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ እኔም አደንቃለሁ፤ አሥራ አራት ሰው ለሚጭን ድርጅት እንጂ ለአንድ ቤተሰብ አትመጥንም። ሁለት ተጨማሪ ጎማ ማለት ሁለት ተጨማሪ የማርሽ ቤት፣ ተጨማሪ ፍሬን፣ ተጨማሪ ዘይት ነው።

ሌሎቹ ተፎካካሪዎች በአጭሩ። ኡኒሞግ 404 ጠንካራ ናት፣ ግን ልጆቹ ከኋላ ከጭነት ጋር ይሆናሉ። የአሜሪካው ሀምቪ ከሁለት ሜትር በላይ ሰፍቶ አራት ሰው ብቻ በአራት ጥግ ያስቀምጣል፤ መካከሉን ማሽኑ ወስዶታል። የስዊድኗ ቮልቮ ሲ 303 የፒንዝጋወር እኩያ ናት፣ ስትገኝ። ከጦር የወጣች ላንድሮቨር መለዋወጫዋ በየሄዱበት ስላለ ብዙ ለማሰብ ለማይፈልግ ሰው ትክክለኛዋ ምርጫ ናት፤ ቅር አይበለው።

ፒንዝጋወር ለመረጠ ሰው ግን የስዊዘርላንድ ጦር ያሳደጋትን ይፈልግ። ስዊዞች እነዚህን መኪኖች በየጊዜው ይዞታቸውን እየመረመሩ ለአሥርት ዓመታት ጠብቀው፣ ትርፍ ሲሆኑ በጨረታ ሸጠዋል። የአውሮፓና የአሜሪካ ገበያ ላይ ከሚገኙት ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። በአሜሪካ 25 ዓመት የሞላው መኪና ከዘመናዊ የደኅንነት ደንብ ነፃ ሆኖ ይገባል፤ ስለዚህ ዴንቨር ወይም ሲያትል ያለ ሐበሻ ቤተሰብ ሊያገኛት ይችላል። ጀርመን ያለውም 30 ዓመት ለሞላቸው መኪኖች የሚሰጠውን የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ መጠየቅ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለታገደ፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ ይህ ጽሑፍ ለዓይን ብቻ ነው።

ሲመረምሩ ሰዓት ወስደው ይመርምሩ። ከእያንዳንዱ ጎማ የማርሽ ቤት ጠብታ ዘይት ያስወጡ፤ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። አክስሉ ከመሐል የሚወዛወዝበት ቦታ ያለው የላስቲክ ሽፋን መሰንጠቁን በባትሪ መብራት ይዩ። ለዓመታት የቆመች መኪና የፍሬን ሲሊንደሮቿ ይነክሳሉ፤ አራቱም ጎማ እኩል መያዛቸውን አፈር ላይ ይፈትኑ። የወለሉን ምንጣፍ አንስተው ዝገት ይፈልጉ። ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል ካልተነፈሱ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። መብራቷ 24 ቮልት መሆኑንም አይርሱ፤ የስልክ ቻርጀር ሳይቀር በመቀነሻ ይሠራል። ሁሉንም ማንሻ አንድ በአንድ አስነስተው ጎማዎቹ ሲታዘዙ ካላዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከስዊዝ ጦር የወጣች፣ ጣራዋ ብረት የሆነ 710 ኬ፣ የኋላ መቀመጫዋ በባለሙያ የተሠራላት። ከመዋዋልዎ በፊት ግን ባለቤትዎንና ልጆችዎን ከኋላ አሳፍረው አንድ ሰዓት በኮረኮንች ይንዱ። ከወረዱ በኋላ «ደግመን እንሂድ» ካላሉ፣ የሆዷ ውበት ብቻውን አይበቃምና ትተዋት ይመለሱ።