«ፍጥነት መቆጣጠሪያ» ስለተባለው ስያሜ

ክሩዝ ኮንትሮል የተባለው የአውቶሞቢል መሣሪያ «ፍጥነት መቆጣጠሪያ» ተብሎ መተርጐሙን አንደግፍም። መቆጣጠር መግታትንም ስለሚያጠቃልል፣ አንባቢው መሣሪያውን ከፍጥነት መገደቢያ ጋር ያምታታዋል። መገደቢያው ከተወሰነ ልክ ማለፍን ይከለክላል። ይህኛው ግን፣ አሜሪካዊው ራልፍ ቲተር በ1950 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ቢያነሣም የመረጠውን ፍጥነት ጠብቆ ያቆያል፤ ፍሬን ሲረገጥ ይለቃል። ተራው ዓይነት ከፊት ያለውን መኪና አይቶ አይቀንስም። በትርጉሙ ተማምኖ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነዳ ሰው አደጋው ግልጽ ነው። የልደታ መካኒክ «ክሩዝ» ቢል፣ ፍሪሲዮንን ከጣልያንኛ እንደተቀበልን ሁሉ፣ ቢያንስ አያሳስትም። እኛ «ፍጥነት ማጽኛ» የሚለውን እንመርጣለን፤ «መጽናኛ»ን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ቢነሣም፣ ሥሩ ያው «ጸና» ነው።