አራተኛውን የሚጠራ ክንድ

በሎንዶን ከተማ፥ ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በስተ ደቡብ ወደ ቴምዝ ወንዝ በሚወርደው የእግረኛ መንገድ ላይ፥ ቀራፂው ጆን ሚልስ ያበጃቸው ሦስት የነሐስ እሳት አደጋ ተከላካዮች ቆመዋል። ሁለቱ የውኃውን ቱቦ ጨብጠው ወደ ፊት አዘንብለዋል፤ ሦስተኛው፥ አለቃቸው፥ እግሮቹን አንፈራጦ ክንዱን ዘርግቶ ረዳት ይጠራል። ሐውልቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 በንግሥት እናት ኤልሳቤጥ እጅ ሲመረቅ መጠሪያው «ብሊትዝ» ነበረ፤ ይኸውም የጀርመን አውሮፕላኖች በ1940 እና በ1941 የእንግሊዝን ከተሞች በቦምብ ያነደዱበት ዘመን ስም ነው።

ነሐስ፥ ራሱ ከእቶን የሚወለድ ቢሆንም፥ እሳትንም ውኃንም ለመምሰል የማይታዘዝ ማዕድን ነው፤ ነበልባል ቢቀርጹበት ቅጠል፥ ፏፏቴ ቢቀርጹበት ገመድ ይመስላል። ሚልስ ይህን ያወቀ ይመስለኛል፤ ሁለቱንም ትቶ የሁለቱን ኃይል በሰው ገላ ላይ ብቻ አሳየ። በግፊት የሚወጣ ውኃ ቱቦውን ወደ ኋላ ይመልሰዋልና፥ የቱቦውን አፍ የያዘ ሰው ብቻውን ከሆነ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህም የፊተኛውን የሚያጸናው የኋለኛው ነው። የጉልበታቸውን እጥፋትና የጀርባቸውን ዘንበል ማለት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ በዚያ የሌለውን ውኃ ክብደቱን ያያል።

ሐውልቱ በሚያስበው ዘመን እጅግ ከከፉት ሌሊቶች አንዱ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበረ። ቦምቡ የውኃውን መሥመር ሰባብሮ፥ ቴምዝም በዚያ ሰዓት ጐድሎ ስለ ነበረ፥ እሳት አደጋ ተከላካዮቹ በወንዝ ዳር ሆነው ውኃ ተጠሙ፤ ከካቴድራሉ አጠገብ በነበረው በፓተርኖስተር ሰፈር የመጻሕፍት ነጋዴዎች መጋዘን ተቃጥሎ በሚሊዮን የሚቈጠር መጽሐፍ ዐመድ ሲሆን፥ ካቴድራሉ ግን ተረፈ። ዕለቱ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶነ እሳት የዳኑበት የቅዱስ ገብርኤል በዓል ማግስት ነው። ቀራፂው ይህን አስቦ ሦስት ሰዎችን አቆመ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን የዳንኤልን መጽሐፍ ሲሰማ ያደገ ተመልካች፥ በእቶኑ መካከል የታየውን አራተኛውን ሳይፈልግ አያልፍም። እዚህ አራተኛው የለም፤ ያ የተዘረጋ ክንድ የሚጠራው እርሱን ነው።

የተጠሩትና የመጡት ከታች፥ እንደ አራዳ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን በሆነው መሠረት ላይ፥ በስማቸው ተጽፈዋል፤ በጦርነቱ የሞቱት አንድ ሺህ ያህል ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የቦምብ ድብደባው ከመጀመሩ በፊት ከውትድርና የሸሹ እየተባሉ ይታሙ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በሰላም ጊዜ በሥራ ላይ የሞቱ 1,192 ሰዎች ስም ሲጨመር፥ ለስሞቹ ቦታ እንዲገኝ መቆሚያው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ተደረገ። ከዚህ ላይ ነቀፌታ አለኝ። ስሞቹ ቦታ አገኙ፤ ሰዎቹ ግን ራቁ። ከእግራቸው ሥር የፈሰሰው ፍርስራሽ፥ በውስጡም የሐውልቱ አሳብ አመንጪ የነበረው የቀድሞው የእሳት አደጋ መኰንን ሲሪል ዴማርን የስሙ መነሻ ፊደላት ተሰውረው የሚገኙበት፥ ለቅርብ ዐይን የተሠራ ነበረ። ከፍታ ጀግና ያደርጋል፤ እነዚህ ግን ድካማቸው ሊታይ የተገባ ሠራተኞች ነበሩ። ስሞቹ ይቅሩ ማለቴ ግን አይደለም፤ በሌላ ግንብ ላይ ሊጻፉ ይችሉ ነበር ማለቴ ነው።

ሚልስ ራሱ በ2005 በኋይትሆል ጐዳና ላቆመው ለጦርነቱ ዘመን ሴቶች መታሰቢያ ሰው አልቀረጸም፤ በመስቀያ ላይ የተንጠለጠሉ፥ ባለቤት የሌላቸው፥ ዐሥራ ሰባት የሥራ ልብሶችን ብቻ በነሐስ አፈሰሰ። በካቴድራሉ አጠገብ ግን ሴቶቹ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ናቸው፤ አንዲቱ መልእክት አድራሽ፥ ሁለተኛይቱ የአደጋውን ሁኔታ መዝጋቢ ሆነው፥ ከሞቱት 23 ሴቶች ስም ጋር፥ ከሦስቱ ወንዶች እግር በታች ተቀርጸዋል። አላፊው ወደ ላይ፥ ወደ ተዘረጋው ክንድ፥ ሲመለከት አያያቸውም።