ስለ ካንቺፑራም የሐር ጥለት
በደቡብ ሕንድ በካንቺፑራም ከተማ ለሠርግና ለበዓል በሚሸመነው የሐር ሳሪ የጥለት ጠርዝ ላይ የሂንዱን ቤተ መቅደስ ማማ የሚመስል ጥርስ ተሰልፎ ይታያል። ይህ ምልክት በጨርቁ ላይ የተጫነ ጌጥ አይደለም፤ ሸማኔው ከረዳቱ ጋራ በ3 መወርወሪያ ሲሠራ የመካከሉ ማግ ከጥለቱ ማግ ጋራ ከሚቆላለፍበት መጋጠሚያ የሚወለድ ነው። ሩክሚኒ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1936 በመሠረቱት በካላክሼትራ የጥንቱ ጥለት በእጅ ሽመና እንዲታደስ ማድረጋቸው ሊመሰገን ይገባል። ዛሬ ግን ማማውን በኅትመት የሚገለብጡ ንድፍ አውጪዎች አሉ። የረዳቱ ድካም ስለሚቀር ዋጋው መርከሱ አይካድም፤ ነገር ግን መጋጠሚያው ሲቀር ጥርሱ ባዶ ሥዕል ይሆናል፤ የረዳቱም ዕውቀት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ምልክቱን ከወረቀት ሳይሆን ከሽመናው ዕቃ አጠገብ ተቀምጦ ሊማረው ይገባል እንላለን።